ጦላቅ አባትነትን አያፈርስም

«ፈትቻታለሁ፤ ልጆቹም እርሷ ዘንድ ናቸው፤ ምን ቀለብ አለብኝ?» የሚሉ አባቶች ያጋጥሙናል። ዛሬ መልሱን እንመለከታለን።

ጦላቅ የሚያፈርሰው ትዳርን እንጂ አባትነትን አይደለም። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 የምታጠባ እናት ምግብና ልብስ በአባትየው ላይ ተደንግጓል። ልኩም በሱረቱ ጦላቅ አንቀጽ 7 እንደተመለከተው እንደየአቅሙ ነው። ሕፃኑን የማሳደግ (ሐዷና) ቅድሚያ፣ ሌላ ባል እስካላገባች ድረስ፣ የእናት ነው፤ ወጪው ግን ከአባት አይወርድም። እርሷም ብትሆን ልጁን ከአባቱ ልትከለክል አይገባትም።

በሽማግሌ ካልተቋጨ፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት ለፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ለዚህም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያልተስማማ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሆኖም መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት የቀረ ሰው እንደተስማማ ስለሚቆጠር፣ መጥሪያን ችላ አንበል። የኒካሕ ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና የገቢ ማስረጃ አሟልተን እንቅረብ። ቀለብ ስንሰጥም ሆነ ስንቀበል በጽሑፍ እንያዝ።

የልጅ ሐቅ የቂም መወጫ አይደለም፤ ነገ አላህ ፊት እንጠየቅበታለን።