ግንባሩን ስስመው ጨው ጨው ይለኛል!

የዛሬው ወጋችን ከፍቅር ተነስቶ ደም ውስጥ ይገባል።

ሰሞኑን ከአሜሪካ ለእረፍት ከመጣች አብሮ አደጌ ጋር ማኪያቶ ይዘን ስለ እጮኛዋ ስናወጋ "ግንባሩን ስስመው ጨው ጨው ይለኛል" አለችኝ። የፍቅረኞች ቀልድ መስሎኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። እጮኛዋ ፈረንጅ ነው፤ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ከሚባል በሽታ ጋር ነው የተወለደው።

"ሳንባውን የሚያስቆጣበት ፕሌትሌት ነው ሲባል አንብቤያለሁ። ስመለስ በየቀኑ አስፕሪን አስውጠዋለሁ" አለች።

"ሐኪሙ ያውቃል?"

"ሐኪም ምን ይሠራል? አስፕሪን እኮ ነው!"

ይቺ "እኮ ነው" የምትባል ነገር ስንቱን ጉድ እንደሠራች ቤት ይቁጠረው። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በሽታው በዘር ነው የሚመጣው፤ በመሳም አይተላለፍም። ጉድለት ያለበትን ጂን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ልጅ ይታመማል። ጂኑ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሥራው ጨው በሴሎች በር እንዲገባና እንዲወጣ ማድረግ ነው። በሩ ሲበላሽ ላብ ጨው ይበዛበታል፤ የሳንባ አክታ ደግሞ እንደ ሙጫ ይወፍራል። ጀርም እዚያ ይሰፍራል፣ ሳንባም ይቆጣል። በብዛት የሚታየው በነጮች ላይ ነው፤ ጥቁሮችንም ግን ያገኛል።

ፕሌትሌት ምንድነው? ሽንኩርት ስትከትፉ ጣታችሁን ቢቆርጣችሁ ደሙን የሚያቆምላችሁ እሱ ነው። ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ የሆነ ደቃቃ የደም ክፍል ነው። ግን ቀዳዳ በመድፈን ብቻ አይወሰንም፤ እንደ ሰፈር ዘበኛ ፊሽካ እየነፋ ነጭ የደም ሴሎችንም ይጠራል።

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለበት ሰው ዘበኛ ታዲያ ቁጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት በታማሚዎቹ ደም ውስጥ ፕሌትሌቶች ከልክ በላይ ነቅተው፣ ከነጭ የደም ሴሎች ጋር ተጣብቀው እንደሚገኙ አሳይቷል። በ2020 ደግሞ በአይጦች ላይ በተሠራ ምርምር ያ የጂን ጉድለት ፕሌትሌቱ ውስጥ ብቻ ቢኖር እንኳ የሳንባው ብግነት እንደሚብስ ታየ። ፊሽካ ሰምተው የሚመጡት ነጭ ሴሎች ጀርሙን ሲያሳድዱ የሚረጩት ኬሚካል የራስን ሳንባ ይበላል። ሌባ ሊይዝ ገብቶ የቤቱን ዕቃ እንደሰባበረ ጎረቤት ማለት ነው።

"ይኸው! ታዲያ ዘበኛውን ላስተኛው ነዋ!" ትላላችሁ። አትቸኩሉ።

አንድ አስፕሪን ያገኘውን ፕሌትሌት ዕድሜውን ሙሉ ያሽመደምደዋል። የዚህ በሽታ ታማሚዎች ግን ከሳንባቸው ደም ሊያስላቸው ይችላል። የብዙዎቹ ቆሽት በደንብ ስለማይሠራ ደም ለመርጋት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኬ ያጥራቸዋል። እንዲህ ያለውን ሰው በድብቅ አስፕሪን ማስዋጥ ዘበኛውን አስተኝቶ በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ነው።

ብግነቱን ለማብረድ የተሞከረ መድኃኒት የለም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የአራት ዓመት ጥናት ከፍተኛ መጠን ያለው አይቡፕሮፌን የሳንባውን መዳከም እንደሚያዘገይ፣ በተለይ ልጆችን እንደሚጠቅም አሳይቷል። ታዲያ መጠኑ በደም ምርመራ እየተለካ ነው የሚሰጠው። ከ2019 ወዲህ ደግሞ የተበላሸውን በር ራሱን የሚያሠራ የሦስት መድኃኒቶች ቅንብር አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ የብዙዎችን ሕይወት ለውጧል፤ የሚሆነው ግን በጂኑ ጉድለት ዓይነት ስለሆነ ለሁሉም አይሠራም።

ይህን ሁሉ ነግሬያት "በይ ማታ ደውይለት" አልኳት። ደወለች። በማግስቱ ዓይኗ አብጦ መጣች።

"ዓምና ደም አስሎት ኖሯል! እንዳልደነግጥ ብሎ ደብቆኝ!"

እሱ ደሙን ደበቃት፤ እሷ አስፕሪኑን ልትደብቀው ነበር። ሁለቱም ለፍቅር ብለው!

እናንተም ብትሆኑ ለምትወዱት ሰው መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ በሽታውን ጠይቁት። ሐኪሙ ዘንድም አብራችሁ ሂዱ። አፍቃሪ ሁሉ ሐኪም አይደለምና።