የኤልክ አደን በኮሎራዶ፦ ፈቃዱ ምን ይፈቅዳል? ቅርጫስ ይቻላል?

በዴንቨርና በኦሮራ የምትኖሩ ወገኖቻችን ኤልክን ሳታዩት አትቀሩም። በበልግ ወቅት ኤስተስ ፓርክ ከተማ መሃል ሲንጎራደድ የሚታየው፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋው ግዙፍ የአጋዘን ዘር ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ከ280 ሺህ በላይ አለ። «ይህን ያህል ካለ አንድ ብንጥል ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። ችግሩ የሚመጣው ከሕጉ ነው።

በመጀመሪያ ፈቃዱን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የተወለደ ሁሉ የአዳኞች ትምህርት ወስዶ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። በነዋሪ ዋጋ ለማመልከት በግዛቱ ቢያንስ 6 ወር በተከታታይ መኖር ያስፈልጋል። አብዛኛው ፈቃድ በዕጣ ነው፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው። ዕጣ ያልወጣለት ለቀጣዩ ዓመት የሚረዳው ነጥብ ያገኛል።

ፈቃዱ ሲገኝም «የፈለግኩትን፣ በፈለግኩበት» ማለት አይደለም። የእንስሳው ጾታ፣ የአደን ቀጠናው፣ መሣሪያውና ቀኑ ሁሉ ተለይቶ ይጻፋል። በቀስት ማደን በሴፕቴምበር ነው። በዘመናዊ ጠመንጃ ደግሞ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር በአራት ዙር ይካሄዳል። በጠመንጃ የሚያድን ሰው ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስ፣ ከዚያም ጋር ተመሳሳይ ቀለም ያለው ኮፍያ ያደርጋል። በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው፤ የግል መሬት ላይ ደግሞ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም።

እኛን በተለይ የሚመለከተው ቀጥሎ ያለው ነው። በጓደኛ ፈቃድ መተኮስ አይቻልም። ሥጋውን ለዘመድ ወዳጅ በነጻ መስጠት ይፈቀዳል፤ ሰጪው የፈቃድ ቁጥሩንና ፊርማውን ያሰፈረበት ወረቀት ግን አብሮ ይሂድ። ገንዘብ አዋጥቶ እንደ በዓል በሬ መቃረጥስ? ለሥጋው ገንዘብ ከተቀበላችሁ ሽያጭ ነው፤ የዱር እንስሳ ሥጋ መሸጥ ደግሞ ክልክል ነው። ቀንዱን ወስዶ ሥጋውን ጥሎ መሄድም ከባድ ወንጀል ነው።

ቅጣቱ ቀልድ አይደለም። በ1995 ኤስተስ ፓርክ አካባቢ ሕዝቡ የሚወደው «ሳምሶን» የተባለ ኤልክ በሕገወጥ አዳኝ ተገደለ። በእሱ ስም በ1998 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ቢያንስ አንዱ ቀንዱ ስድስት ጫፍ ያለውን ወንድ ኤልክ በሕገወጥ መንገድ የገደለ ሰው ከመደበኛው ቅጣት ሌላ 10,000 ዶላር ይጨመርበታል። የማደን መብቱ ከታገደም እገዳው በአብዛኞቹ ግዛቶች ይከተለዋል።

ከገንዘቡ የባሰም አለ። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ አይችልም፤ የጓደኛውንም ቢሆን። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል፤ ሆኖም ዜጋ ያልሆነ ሰው በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጉዳያችሁ ያላለቀ ወገኖች፣ ጠመንጃ ከመንካታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ደንቡ በየዓመቱ ስለሚሻሻል የዘንድሮውን መመሪያ ከግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ውሰዱ። ለአደን የተዘጋጀ ወዳጅ ካላችሁም ይህን አጋሩት።