ካባ ቤት ውስጥ ሲሰፋ

ካባ በአገራችን የክብር ልብስ መሆኑ የታወቀ ነው። ቀደም ባለው ዘመን ነገሥታት ለሚሾሙትና ለሚሸልሙት ሰው ካባ ወይም ለምድ ያለብሱ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑም በወርቅ ያጌጠ ካባ ደርበው ነበር። የደጋው ገበሬ በበኩሉ ብርዱን የሚመክተው ከበግ ፀጉር በተሠራ በርኖስ ነው። ዛሬ ካባን በብዛት የምናየው በተክሊልና በመልስ ቀን ሙሽሮች ላይ ነው፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን ንጉሥና ንግሥት ናቸውና።

ታዲያ አብዛኛው ሙሽራ የሚለብሰው ተከራይቶ ነው። የኪራይ ካባ ለሁሉም እንዲሆን ተብሎ ስለሚሰፋ በልክ የሚመጣለት ሰው ጥቂት ነው። ጥልፉ ከባድ ስለሆነ ትከሻው ካልያዘ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ አንገት ያንቃል። ሙሽራዋ ቀኑን ሙሉ ስታስተካክል ትውላለች። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስሙ በሚታወቀው አቃቂ፣ የስፌት መኪና ያለው ቤት ብርቅ አይደለም። እናቴም የእህቴን የመልስ ካባ እቤት ነው የሰፋችው። አሠራሩን ካየሁት ላስረዳ።

በመጀመሪያ ልክ ይወሰዳል፤ የአንገት ዙሪያና ከአንገት እስከ ታች ያለው ርዝመት። ካባው ሲዘረጋ ግማሽ ክብ ነው። ስለዚህ የአንገቱ ዙሪያ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለ3.14 ሲካፈል ወደ 13 ይመጣል። ከጨርቁ ጥግ ላይ ክር ይዞ በጠመኔ 13 ላይ አንድ ቅስት ይሰመራል። ርዝመቱ 100 ከሆነ ሁለተኛው ቅስት 113 ላይ ይሆናል። ለስፌትና ለቅምቀማ የሚተርፈው ከዚህ ውጭ ነው።

ከፋይ ውድ ጨርቅ ስለሆነ ቅዱ መጀመሪያ በአቡጀዲ ይሞከራል። ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። አቡጀዲው ሲደረብ ትከሻ ላይ ድንኳን መስሎ ይቆማል። ትርፉ ከአንገት ወደ ትከሻ ጫፍ ተቆንጥጦ በስፒል ይያዛል። ሲቆነጠጥ አንገቱ ስለሚጠብ በትንሹ ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል። ሙሽራዋ እጇን አንስታ፣ ተቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ ታየዋለች። ምንም ካልጎተታት ቅዱ ደርሷል ማለት ነው።

ከፋይ ፀጉር አለው። በእጅ ሲዳሰስ ወደ አንድ በኩል ይለሰልሳል፣ ወደ ሌላው ይሻክራል፤ ቀለሙም እንደ አቅጣጫው ይለያያል። ሙሉውን ግማሽ ክብ በአንድ ቁራጭ ብናወጣው አንዱ ፊት ደመቅ፣ ሌላው ፈዘዝ ይላል። ስለዚህ ግራና ቀኙ ለየብቻ፣ ፀጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሆኖ ይቆረጥና ጀርባ ላይ ይገጠማል። ወርዱ 1 ሜትር ከ50 ከሆነ 2 ሜትር ከ40 ጨርቅ ይበቃል። ከፋይ በመኪና ሥር ስለሚንሸራተት አስቀድሞ በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርጎ መሸለል ያስፈልጋል። ካውያም ፀጉሩ ላይ አይጫንም፤ ከውስጥ በኩል በእንፋሎት ብቻ ነው። ጥልፉ ገበር ከመግባቱ በፊት ይሠራል።

በመጨረሻ ካባው ሳይቀመቀም አንድ ቀን ተሰቅሎ ያድራል፤ በሰያፍ የተቆረጠው ቦታ በክብደቱ ይረዝማልና። በማግስቱ ሙሽራዋ ጫማዋን አድርጋ ስትቆም ታቹ ከወለሉ እኩል ተለክቶ ይቀመቀማል።

ድካሙ ቀላል ነው አልልም። ሆኖም የኪራዩ በማግስቱ ይመለሳል፣ ቤት የተሰፋው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ቅምቀማው ሰፋ ተደርጎ ከተተወ ረዘም ላለችው ታናሽ እህትም ይተርፋል። መኪና ያላችሁ ሞክሩት ባይ ነኝ።