ለመስኮት የተለካ ሸማ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሱቆች ዋነኛ ደንበኞቻቸው ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ ፈላጊዎች ናቸው። አልፎ አልፎ ግን የወገብና የቁመት ልኩን ትቶ የመስኮቱን ልክ በወረቀት ጽፎ የሚመጣ አለ። የሚፈልገው መጋረጃ ነው፤ ያውም የአባት የእናቱን አገር የሚያስታውስ፣ ለእሱ ሳሎን ተብሎ የተሸመነ።

ኢትዮጵያ ለመጋረጃ እንግዳ አይደለችም። ለንደን በሚገኘው የብሪትሽ ሙዚየም ውስጥ ቁመቱ ከ5 ሜትር የሚበልጥ የቤተ መቅደስ መጋረጃ አለ። በጎንደር ዘመን፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከሐር የተሠራ ሲሆን በላዩ ያለው የሰዎች ምስል የተገኘው ከራሱ ከሽመናው ነው። ሙዚየሙ የተረከበው የእንግሊዝ ጦር በመቅደላ ላይ በዘመተበት በ1868 እ.ኤ.አ. ነው። መጋረጃው ወጥ ሆኖ አልተሸመነም፤ ረጃጅም ቁራጮች ጎን ለጎን ተሰፍተው ነው ያን ስፋት ያገኘው።

የዛሬው ሸማም እንዲሁ መጋጠም ይፈልጋል። ሸማኔው እግሩን ባስገባበት ጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ፣ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን በድሩ መካከል ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋል። ስለዚህ የጨርቁ ወርድ ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር በታች ነው።

እዚህ ላይ ሒሳብ ይመጣል። ወርዱ 180 ሴንቲ ሜትር ለሆነ መስኮት ዘንጉ በግራና በቀኝ 15 ሴንቲ ሜትር ቢተርፍ 210 ይሆናል። መጋረጃው ሽንሽን እንዲኖረው የዘንጉን እጥፍ ያህል ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ይህም 420 ሴንቲ ሜትር ነው። የሸማው ወርድ 84 ቢሆን አምስት ቁራጭ፣ ለስፌቱና ለቅምቅማቱ ደግሞ ትንሽ ትርፍ ይጠየቃል ማለት ነው። ጎበዝ ልብስ ሰፊ መጋጠሚያውን ሽንሽኑ ውስጥ ይደብቀዋል። ሌላው ደግሞ ሆን ብሎ ጥለቱን በመጋጠሚያው ላይ ያስኬደዋል፤ ያኔ ቀጥ ያሉ የጥበብ መስመሮች ከዘንጉ እስከ ወለሉ ይወርዳሉ።

የጨርቁን ዓይነት የሚወስነው ብርሃን ነው። ነጠላ ሁለት እጥፍ ስስ ሸማ በመሆኑ የቀኑን ብርሃን አለዝቦ ያስገባል፤ ለሳሎን ይስማማል። አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ ለመኝታ ቤት ይሻላል፤ ይከብዳልና ጠንካራ ዘንግ ይፈልጋል። ብርድ ለሚበረታበት ደጋ ደግሞ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራው ባና አለ፤ ወፍራም ስለሆነ በመስኮት የሚገባውን ንፋስ ይቀንሳል።

ሥረ መሠረት የሚታየው በቀለምና በአሠራር ነው። በሽሮ ሜዳ ከሚሸምኑት ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ባህሉ ፈትሉን ለሴቶች፣ ሽመናውን ለወንዶች ያደርጋል። ቤተሰቡ የጋሞ ከሆነ ዱንጉዛ የሚባለው የጋሞ ሽመና ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ከነባህሉ ዝግጁ ነው፤ ሆኖም ሦስቱ ደማቅ ቀለሞች መስኮቱን ሙሉ ከሸፈኑት ክፍሉን የጠበበ ያስመስሉታል። በነጭ ሸማ ግርጌ አንድ ስንዝር የሚሆን ጥለት ሆነው ሲገቡ ግን ዓይን ሳያደክሙ ይታያሉ።

የሐረር ቤት ሌላ ጥያቄ ያነሳል። በባህላዊው የሐረሪ ቤት ግድግዳው በስፌትና በሳህን የተሞላ፣ ነደባ የሚባለው ከፍ ያለ መቀመጫ በምንጣፍ የተነጠፈ ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ጥለት የበዛበት መጋረጃ ከስፌቶቹ ጋር ይሻማል። የሚሻለው ከስፌቱ ቀለሞች አንዱን መርጦ ወጥ የሆነ መጋረጃ መስቀል ነው።

ከጥጥ ሌላ የአገር ውስጥ ሐርም አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሳባሃር የጉሎ ቅጠል ከሚመገብ የሐር ትል የተገኘ ክር በእጅ እያስፈተለና እያሸመነ የቤት ጨርቃ ጨርቅ ያመርታል። ይህ ሐር እንደ ፋብሪካው አያብለጨልጭም፤ ደብዘዝ ያለ መልኩ ለዘመናዊ ዕቃም ለጥንታዊውም ይሆናል።

የአዲስ አበባ ፀሐይ ግን ለማንም አታዳላም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ጨረሩ ይበረታል፤ ቀለም የተነከረ ክርም ቶሎ ይደበዝዛል። መከላከያው ከመስታወቱ በኩል ነጭ ገበር ማድረግ ነው። የእጅ ፈትል መጀመሪያ ሲታጠብ ስለሚሸበሸብና ስለሚያጥር፣ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ጥላ ላይ መድረቅ አለበት። ይህ ከተዘለለ ወለል ይነካ የነበረው መጋረጃ ከታጠበ በኋላ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

አሜሪካ ላለ ዘመድ የሚያሠራ ሰው ደግሞ ልኩን በሴንቲ ሜትር ይላክ። እዚያ በብዛት የሚሸጠው ባለ 84 ኢንች መጋረጃ 213 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የቤቱ ጣሪያ ከፍ ካለ ግን ይህ አይበቃም።

አንድ ነገር ቀድሞ ይታሰብ። በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ዋዜማ ሸማኔዎች በበዓል ልብስ ይጠመዳሉ። መጋረጃ የሚያሠራ ሰው ከእነዚህ ቀናት ራቅ ብሎ ይዘዝ፤ ናሙናውንም ሱቁ ውስጥ ብቻ አይቶ ከመወሰን ይልቅ ቤቱ ወስዶ በመስኮቱ ላይ ጠዋትና ማታ ይየው።