«ፊደሉን አውቀዋለሁ»፦ በሶዶ ለቀጠሮ ኦፕሬሽን የሚቆረጠው ወረቀት

ከአረካ ወደ ሶዶ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ ሆዷ የገፋ ሴት አጠገቤ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ፔርሙዝ፣ እግሯ ሥር በነጠላ የተቋጠረ ጓዝ። ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሷል፤ ረዳቱ ስለ መልስ ሳንቲም ከአንድ ሽማግሌ ጋር ይጨቃጨቃል። ሴትየዋ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ከብብቷ አወጣችና «ወንድሜ፣ ምን ይላል?» አለችኝ። ማኅተም አለው። ከማኅተሙ በላይ በእስክሪብቶ የተሞነጫጨረ አንድ መስመር እንግሊዝኛ፦ ቀን፣ ቀጥሎ «ኢሌክቲቭ ሲ ኤስ»፣ ቀጥሎ «ኤን ፒ ኦ»። ማንበብ አትችይም ወይ ልላት አፌ ላይ ሲደርስ ቀደመችኝ።

«ፊደሉን አውቀዋለሁ። ነገሩን ነው የማላውቀው።»

እውነቷን ነው። ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የተማረች የወላይታ ልጅ እንግሊዝኛውን አንድ በአንድ ትጠራዋለች፤ ትርጉሙ ግን አይገባትም። ሶዶ ደግሞ የቋንቋ ነገር ቀልድ ያልሆነባት ከተማ ናት። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ ድስት የቀቀለው «ወጋጎዳ» መማሪያ መጽሐፍ ሆኖ ሲመጣ ከተማዋ አደባባይ ወጣች፤ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። ስለ ልጆቹ መጽሐፍ ያን ያህል የተሟገተ ሕዝብ፣ ስለ ሚስቱ የቀጠሮ ወረቀት ሲሟገት አልሰማሁም።

ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው፦ ዛሬ ትተኛለሽ፤ ነገ በቀጠሮ በኦፕሬሽን ትወልጃለሽ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ አትቅመሺ። እሷ ግን ካለፈው ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ጎረቤቷ «ለኦፕሬሽን ሳትበይ ነው የሚኬደው» ብላታለች። ፔርሙዙ ውስጥ ያለው ሻይ ለአማቷ ነው። በዘጠነኛ ወሯ፣ በባዶ ሆዷ፣ ከገጠር ቀበሌ እስከ አረካ በሞተር ሳይክል፣ ከዚያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በሚኒባስ። የመጨረሻ ሁለት ልጆቿን በኦፕሬሽን ነው የወለደችው። ሶዶ መናኸሪያ ስንወርድ ዳቦ ገዛሁላትና ቆማ በላች፤ ስልክ ተለዋውጠን ተለያየን። እኔ ግን ያን ወረቀት ከራሴ ማውጣት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ያገኘኋቸው ሴት ባይኖሩ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ጀበናው እንደ ተጣደ ጀመሩኝ። «ልጄ፣ ቀጠሮው የሐኪሙ ነው፤ የእናትየዋ አይደለም። እሷ የምታውቀው ቀኑን ብቻ ነው። ለሠርግ እንኳ ስንት ወር ይመከራል! ለዚህ ግን በር ላይ ቆማ 'ነገ ነይ' ነው የምትባለው።»

ከቤታቸው ስወጣ ወደ ኦፕሬሽኑ የድሮ ታሪክ ገባሁ፤ አንዴ ከገባሁ ደግሞ መውጫው ጠፋኝ። አውሮፓውያን ቀዶ ሕክምናውን በቄሳር ስም ይጠሩታል፤ የዩልዮስ ቄሳር እናት ግን ልጇ ካደገ በኋላም በሕይወት ነበረች፣ በዚያ ዘመን ደግሞ ሆዷ ተቀድዶ የምትተርፍ ሴት አልነበረችም፤ ስለዚህ ተረቱ ተረት ነው። እኔን የገረመኝ ግን ከሮም ይልቅ ለእኛ የቀረበው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ሮበርት ፌልኪን የተባለ እንግሊዛዊ በዛሬዋ ኡጋንዳ፣ በቡንዮሮ፣ ካሁራ በምትባል ቦታ የአገሬው ሐኪሞች በቀዶ ሲያዋልዱ ቆሞ አይቷል። ሴትየዋ ሃያ ዓመት ገደማዋ ነበር። የሙዝ ጠጅ አጠጧት፤ በዚያው ጠጅ እጃቸውንና ሆዷን አጠቡ። ቀደዱ፣ ልጁን አወጡ፣ የሚደማውን በጋለ ብረት ተኮሱ። ማኅፀኑን አልሰፉትም፤ ሆዷን ግን በቀጫጭን የብረት መርፌ አያይዘው በቅርፊት ክር አሰሩት፣ የሥር ልቁጥ ለጠፉበት። በአሥራ አንደኛው ቀን ቁስሉ ድኖ ነበር። ጀርመናዊው ማክስ ዜንገር የማኅፀን ቁስል መሰፋት እንዳለበት ጽፎ ሙያውን የለወጠው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። የካሁራዋ ሴት ልትቀደድ መሆኑ ሲነገራት ምን እንዳለች ፌልኪን አልጻፈም። በዚህ በኩል ከእኛ ወረቀት ብዙም አይለይም።

ወደ ወላይታ ልመለስ። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሰዎች ሶዶ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ የሕክምና ሥራቸውም ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ኦቶና» የሚለው ሆስፒታል ሆነ። ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። ጣሊያን ሚሲዮኖቹን ሲያስወጣ ጥለውት የሄዱት አማኝ ጥቂት ደርዘን ነበር፤ ሲመለሱ በሺዎች ሆኖ ጠበቃቸው። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ የወለደችን ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን፤ እዚህ ብዙው ቤት የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አባል ነውና «እንኳን ጌታ ረዳሽ» ነው የሚባለው። ሲስተር እንደሚሉት ሁለቱም ምርቃት በኦፕሬሽን ለወለደችው ሲደርስ ትንሽ ይደናቀፋል። «ጠያቂው አልጋው ጫፍ ላይ ይቆምና 'ምነው፣ አላማጥሽም?' ይላታል። ሰባት ድርብ ተቀድዳ ተሰፍታ፣ አላማጥሽም!»

ሌላው የወደድኩት ታሪክ ጉራጌ ውስጥ ወልቂጤ አጠገብ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ነው። ምጣቸው የሚያሰጋ እናቶች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚቆዩበት ጎጆ አለው፤ ራሳቸው እያበሰሉ፣ ቡና እያፈሉ ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 የነበረ የሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ተጠንቶ ነበር፤ ከ24,148 ወላዶች 6,805ቱ በማቆያው በኩል የገቡ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የእናቶች ሞት በመቶ ሺህ ሕያው ልደት 90 ገደማ ነበር፤ በቀጥታ ከደረሱት መካከል 1,333። በማቆያው ከቆዩት 38.5 በመቶ የሚሆኑት በኦፕሬሽን ነው የወለዱት። እርግጥ በቀጥታ የሚደርሱት ብዙዎቹ ምጥ ጠንቶባቸው በቃሬዛ የመጡ ናቸውና ልዩነቱ ሁሉ የጎጆው ውጤት አይደለም። ቢሆንም ያቺ ጎጆ አንድ ነገር ትሰጣለች፦ ጊዜ። በጊዜው ውስጥ ደግሞ አንዷ ለሌላዋ ትነግራለች።

በአገር ደረጃ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኦፕሬሽን የተወለዱት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 21 በመቶ። ከሦስት ዓመት በኋላ የአገሩ ቁጥር 5 በመቶ ደረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት በአገር ደረጃ ከአሥር በመቶ በላይ መውጣት የእናትና የሕፃን ሞትን ሲቀንስ አልታየም ይላል። መዲናዋ ከዚያ ልክ በእጥፍ ስታልፍ አገሩ ያኔ ገና አልደረሰበትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረ ሥልጠና የጤና መኮንኖች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ተምረው በወረዳ ሆስፒታሎች መሥራት መጀመራቸው ቢላውን ወደ ገጠር አቅርቦታል። ማብራሪያው ግን አብሮ አልሄደም።

ታዲያ አንዲት እናት ምን ትጠብቅ? ሲስተርን ጠየቅኳቸው፤ ሁለት ሰዓት ወሰደባቸው።

ከደም ይጀምራሉ። «ከሻንጣው በፊት ደም! የደም ዓይነቷን ታውቅ፣ የደም ማነሷን ቀድማ ትታከም። ሁለት ጤነኛ ዘመድ ለመስጠት ተዘጋጅቶ ይምጣ።» የደም ባንክ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 ከቀይ መስቀል ወደ ጤና ጥበቃ ከተዛወረ በኋላ ምትክ ደም እየቀረ በፈቃድ ለጋሾች እንዲተካ ነው የተባለው። ሲስተር ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «እሺ፣ ተብሏል። አንተ ግን ወንድሟን ይዘህ ና።» በመንግሥት ተቋም ወሊድ፣ ኦፕሬሽኑም ጭምር፣ ከክፍያ ነጻ ነው። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለቀውን ከውጭ መግዛት፣ የአስታማሚ ምግብና መጓጓዣ ግን በነጻው ውስጥ አይቆጠሩም።

ቀኑ ሌላ ችግር ከሌለ ሠላሳ ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ የቀደመ ሕፃን ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ወሯን በግምት የምትቆጥር እናት መጀመሪያ ላይ የታየችበትን የአልትራሳውንድ ወረቀት መያዟ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ከቀጠሮው በፊት ምጥ ከጀመራት ወይም ከደማች ቀኑን አትጠብቅም፤ ያኔውኑ ትሂድ። ሲስተር ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «'ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው' ብላ ሰኞ ቤቷ የደማች አውቃለሁ።»

ጾሙን እንዲህ ይዘረዝሩታል። ከባድ ምግብ ከቀዶው ስምንት ሰዓት በፊት ይቆማል። ንጹሕ ውኃ ግን እስከ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ድረስ ቢቀመስ ችግር እንደሌለው የማደንዘዣ ሙያ መመሪያዎች ይናገራሉ። እዚህ ነገሩ የሚበላሸው በሌላ ነው። የቀጠሮ ተራ የሚያዘው በማለዳ ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ግን ምጥ የጠናባት ሴት በአምቡላንስ ትመጣለች፣ ጠረጴዛው አንድ ነው፣ ተራው ለእሷ ይሰጣል። መሰጠትም አለበት። ከዚያ ሁለተኛዋ ትመጣለች። ባለ ቀጠሮዋ በደረቀ ከንፈሯ እስከ ከሰዓት ትጠብቃለች፤ አንዳንዴም «ነገ» ትባላለች። ውኃ ልጠጣ ወይ ብላ የምትጠይቀው ሰው ሁሉ እየሮጠ ነው።

እንሶስላና የጥፍር ቀለም ይለቀቅ፤ በደሟ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ጣቷ ላይ ነው የሚቆነጥጠው። ቤት ውስጥ በምላጭ መላጨት ይቅር፤ ቁስል ያመጣል። ፊርማው የእሷ ነው፤ ባሏ ቢመክር መልካም፣ ግን ለአዋቂ ሴት የራሷ ፈቃድ ይበቃል። «'ባልሽ ይምጣ' እያልን ስንት ሰዓት አባክነናል» አሉ ሲስተር፤ እኔም ይህን መናዘዛቸውን ወደድኩላቸው።

ከዚያ የጀርባ መርፌው። ጎንበስ ብላ፣ ትከሻዋን ዘና አድርጋ። እግሯ ይሞቃል፣ ከዚያ የእሷ አይመስላትም። ነቅታ ነው የምትወልደው። «ሕመሙ ይሞታል፣ መጎተቱ አይሞትም። አንዷ 'ሲስተር፣ ሆዴ ውስጥ ቆጮ የሚያቦኩ መሰለኝ' አለችኝ። ቀድመን ብንነግራት አትደነግጥም ነበር።» ልጁ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል፤ ረጅሙ መስፋቱ ነው፣ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ግድም። የሽንት ቱቦ ይገባላታል። ጡት በመጀመሪያው ሰዓት ይሰጣል፤ ጎኗ ላይ አስተኝቶ ማጥባት ለቁስሉ ይቀላል። በማግሥቱ ትነሳለች፤ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ መራመዱ ግድ ነው። በእነዚያ ቀናት ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ትልቁ ጥያቄ «አየር ወጣ?» የሚለው ነው። አማት፣ አክስት፣ የቤተ ክርስቲያን ጠያቂ ሁሉ ይጠይቃታል፤ ጀነራል እንኳ ይህን ያህል ተጠያቂ አይሆንም። አየሩ እስኪወጣ ገንፎውና ቅቤው በር ላይ ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ በአማርኛና በወላይትኛ በአንድ ገጽ ሊጻፍ ይችላል። ለምን እንዳልተጻፈ ልጠይቅ ወደ አንድ የጤና ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። በጨዋነት ተቀበሉኝ፣ ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርብ አሉኝ፣ አቀረብኩ። በሳምንቱ ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ»፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ይጠራል እንጂ አይነሳም። ቢያነሱት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረኝ፦ ወረቀቱ የሚጻፈው ለማን ነው?

ኦፕሬሽኑ ለወደፊት የሚያስከትለውን ለመዘርዘር ቦታው ጠቦኛል። ጠባሳ በበዛ ቁጥር እንግዴ ልጁ ከማኅፀኑ ግድግዳ ጋር የመጣበቅ ዕድሉ ይጨምራል፤ እንግዴ ልጁ የማኅፀኑን በር በዘጋባቸው ሴቶች ላይ በሦስተኛው ኦፕሬሽን ጊዜ ከመቶ አርባው ላይ ይህ እንደሚደርስ በአሜሪካ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። አራርቆ መውለድ ያስፈልጋል፤ ቢያንስ ዓመት ተኩል። ለቀጣዩ ሐኪም ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ ማኅፀኑ በየት በኩል እንደተቀደደ ነው። ሆድ ላይ የሚታየው ጠባሳ ይህን አይናገርም፤ የሚናገረው የመውጫ ወረቀቱ ነው። «በታችኛው ክፍል አግድም ከሆነ እሰየው» ይላሉ ሲስተር። «ወደ ላይ ከተቀደደ ግን ምጥ ጨርሶ አይሞከርም። ሴቶቹ ያቺን ወረቀት ይጥሏታል። ምን ያድርጉ፣ አታነጋግራቸው!»

ከአሥር ቀን በኋላ ለአረካዋ ሴት ደወልኩ። በማግሥቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ነበር የተሠራላት፤ ሁለት ጊዜ ጾማ ሁለት ጊዜ ተመልሳ በልታለች። ሴት ልጅ። ወረቀት ሰጥተውሽ ነበር ወይ አልኳት። ሰጥተዋታል፣ በእንግሊዝኛ። አንብቢልኝ አልኳት። ከበስተጀርባ ሕፃኗ ትነጫነጫለች፤ እሷ ቀስ እያለች ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራችልኝ፦ ኤል፣ ዩ፣ ኤስ፣ ቲ።

በታችኛው ክፍል፣ አግድም። ነገርኳት።

«ወረቀቷን የት ነው የምታስቀምጪያት?»

«መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ናት» አለችኝ።