ቤት ለሽያጭ ሲዘጋጅ፦ ቀለሙ ምን ይሸፍናል?

ቤት ለመሸጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው፤ ቀጥሎ ደላላ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ቤትን አጽድቶና አሳምሮ ማቅረብ የሚከለክል ነገርም የለም። ነገር ግን በሸሪዓው ዓይን ዝግጅቱ ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ቤቱ የማን እንደሆነ በማጣራትና ያለበትን ጉድለት ለይቶ በማወቅ። ከጉድለቱ እንጀምር፤ ብዙ ሰው ሐራም ላይ መሆኑን ሳያስብ የሚወድቀው እዚያ ነውና።

ከዓመታት በፊት እኛና እህት ወንድሞቻችን የወላጆቻችንን ቤት ለመሸጥ ስናዘጋጅ ወሩ ጥር ነበር። የሳሎኑ ኮርኒስ ጥግ ላይ ቡናማ ክብ ነበረች፤ በክረምት ከቆርቆሮው ሥር ውሃ የሚገባባት ቦታ ናት። ቀለም ቀቢው መሰላሉ ላይ ሆኖ «ይህቺን ላጥፋት? ሁለት እጅ ቀለም ይበቃታል» አለን። ዝናቡ ሊገባ ገና አምስት ወር ይቀረዋል። ገዢ ቢመጣ ጣሪያው እንደሚያፈስ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እርስ በርስ ተያየን።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ሶሒሕ ሙስሊም ላይ የሚገኘው ሐዲስ ከዚህ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ ለሽያጭ ወደተከመረ እህል እጃቸውን አስገቡ። ላዩ ደረቅ ነው፤ ጣቶቻቸው ግን ውስጡ እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ አግኝቶት እንደሆነ ነገራቸው። ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ሰውየው ዝናቡን አላዘነበም፤ እህሉ በመርጠቡም አልተወቀሰም። የተወቀሰው ደረቁን ከላይ በማድረጉ ነው። የእኛ ቆርቆሮ ማፍሰሱም ጥፋት አልነበረም። ጥፋት የሚሆነው ሁለቱ እጅ ቀለም ነበር።

ኢብኑ ማጀህ በዘገቡት የዑቅባ ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ) ሐዲስም፣ አንድ ሙስሊም ዓይብ ያለበትን ነገር ዓይቡን ሳይገልጽ ለወንድሙ መሸጥ እንደማይፈቀድለት ተነግሯል። ስለዚህ «ገዢው አልጠየቀኝም» የሚለው መልስ አያወጣም። መናገር የሻጩ ግዴታ እንጂ መጠየቅ የገዢው ግዴታ አይደለም።

ታዲያ ዓይብ የሚባለው ምንድን ነው? የበር ጭረትና የደበዘዘ ቀለም ሁሉ ይቆጠራል ማለት አይደለም። ፉቀሃዎች ያስቀመጡት መለኪያ የነገሩ ዋጋ ነው፤ በሙያው ውስጥ ባሉ ሰዎች ዘንድ ዋጋውን የሚቀንስ ጉድለት ዓይብ ነው። በእኛ አገር ቤቶች ይህ ብዙ ነገርን ይይዛል። የጭቃ ቤት ከሆነ ምስጥ የበላው ማገርና ከሥሩ የበሰበሰ ምሰሶ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት የሚወርድ እርጥበት። በየጊዜው የሚሞላ ሴፕቲክ ታንክ፣ ክረምት ላይ ጎርፍ የሚገባበት ግቢ፣ ከጎረቤት ጋር ያልተቋጨ የድንበር ክርክር። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነም መናገር ነው፤ ሮቶውን ሞልቶ ገዢው ፊት ቧንቧ መክፈት እህሉን እንደማድረቅ ነው።

ማስታወቂያ ላይ «መስጂድ አጠገብ» የሚሉም አሉ። አዛኑ መሰማቱ ብቻ አጠገብ አያሰኝም፤ ድምፅ ማጉያው ጥሩ ሊሆን ይችላል።

በመጠገንና በመሸፈን መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። ቆርቆሮውን ቀይሮ ከዚያ ኮርኒሱን የቀባ ሰው ጠገነ። ቆርቆሮውን ትቶ ኮርኒሱን የቀባ ሰው ሸፈነ። ለመጠገን አቅም የሌለው ደግሞ መናገር ይችላል፤ እንዲጠግን አልተገደደም።

«እንዳለ ነው የሸጥኩልህ፣ ነገ እንዳትመጣብኝ» የሚል ቃል ውል ውስጥ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። በአገራችን የተስፋፉት የሐነፊይና የሻፊዒይ መዝሀቦች በዚህ ላይ ይለያያሉ። ሐነፊዮች ከዓይብ ሁሉ ነፃ መሆንን መስፈርት ማድረግ ይቻላል ይላሉ፤ ሻፊዒዮች ዘንድ ነገሩ ጠበቅ ያለ ነው። ሆኖም ቃሉ በፍርድ ቤት ቢሠራለት እንኳ፣ እያወቀ የደበቀ ሰው በአላህ ዘንድ ካለበት ተጠያቂነት አያድነውም። ቃሉ የሚጠቅመው ራሱም ለማያውቀው ጉድለት ነው። የተደበቀ ዓይብ ያገኘ ገዢ ደግሞ ቤቱን የመመለስ መብት አለው፤ ዑለማዎች ኺያሩል ዓይብ ይሉታል።

እኛ ክቧን ተውናት፤ ለገዢውም በጣታችን አሳየነው። ታሪኩ በመልካም አለቀ ብንል ግን እውነቱን አንናገርም። ገዢው ቆርቆሮውን ለማሳደስ ከሚያስፈልገው በላይ ዋጋ ቀነሰብን፤ ከመካከላችንም ለረጅም ጊዜ ያኮረፈ ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ሐዲስ እውነት የተናገሩና የገለጹ ሻጭና ገዢ በሽያጫቸው በረካ እንደሚደረግላቸው ተነግሯል። በረካው ደግሞ ሁልጊዜ በብር ቁጥር አይታይም።

አሁን ወደ ባለቤትነቱ። የወረሰ ቤት የሚሸጥ ሰው ከቀለም ቀቢው በፊት መጥራት ያለበት ወራሾቹን ነው። ምሳሌ እንውሰድ። ወላጆቹ ቀድመውት የሞቱ አንድ አባት ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ትቶ ቢሞት፣ ቤቱም የእርሱ ብቻ ቢሆንና በ6,000,000 ብር ቢሸጥ፣ ዕዳና ኑዛዜው ከወጣ በኋላ (እዚህ የሉም እንበል) ሚስት አንድ ስምንተኛ ማለትም 750,000 ብር ታገኛለች። ቀሪው 5,250,000 ለሰባት ተከፍሎ እያንዳንዱ ወንድ 1,500,000፣ እያንዳንዷ ሴት 750,000 ብር ይደርሳቸዋል። ክፍፍሉን ሱረቱ አን-ኒሳእ በግልጽ አስቀምጦታል፤ የሚያከራክር ነገር የለውም። የሚያከራክረው እህቶች «እኔ ትቻለሁ» ሲሉ ነው። እህት ድርሻዋን አውቃ፣ በእጇ ሊገባ እንደሚችል ተረድታ፣ ወድዳ ከተወች መብቷ ነው። ወንድሞቿ ተሰብስበው ዓይኗን እያዩ «ምን ትያለሽ?» ሲሏት አፍራ የተወችው ግን ሌላ ነው። የሻፊዒይ ሊቃውንት በእፍረት የተወሰደን ገንዘብ በግድ ከተወሰደ ጋር አያይዘው ተናግረዋል። መጀመሪያ ድርሻዋን ስጧት፤ ከዚያ መስጠት ከፈለገች ትስጥ።

በሕጉም በኩል ያለ ወራሽነት ማስረጃ ሽያጩ አይሄድም። ወራሾቹ ሁሉ ከተስማሙ ጉዳዩን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስጨረስ ይቻላል፤ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በ1992 በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ተደራጅተዋል። ባለትዳሮች ደግሞ የጋራ የሆነን ቤት አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም፤ በዚያው ዓመት የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል።

ቤቱ ያልተከፋፈለ የጋራ ይዞታ ከሆነ ሹፍዓ የሚባል መብት አለ። ተካፋይ የሆነ ሰው ከውጭ ገዢ ይቀድማል፤ ስለዚህ ለደላላ ከመንገር በፊት ለእርሱ መንገር ይገባል። ሐነፊዮች ይህን መብት ለአዋሳኝ ጎረቤትም ይሰጣሉ። ሌሎቹ ግዴታ ባያደርጉትም፣ የግቢ በር የተጋራ ጎረቤት የቤቱን መሸጥ ከደላላ ሲሰማ ደስ አይለውም።

ስለ ደላላው አንድ ነገር ብቻ። ኮሚሽኑን ቤቱን ከማሳየቱ በፊት ተነጋገሩ። «ትናንት ሌላ ሰው ይህን ያህል ሰጥቶ ነበር» እያለ በሌለ ገዢ ዋጋ እንዲያስወጣም አትፍቀዱ፤ ነጀሽ የሚባለው የተከለከለ ተግባር ዘር ነው፣ እያወቀ ዝም ያለ ሻጭም ተካፋይ ነው።

በመጨረሻ ወረቀቱ። የሽያጭ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በምስክሮች ፊት ሊፈረምና ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ ሊመዘገብ ይገባል፤ ካርታውም ወደ ገዢው ስም ይዛወራል። ከዚያ በፊት ቤቱ ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት ዕግድ ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ፣ የቤትና የቦታ ግብር ደረሰኞችን መሰብሰብ ያስፈልጋል። ያደሩ የውሃና የመብራት ሒሳቦችን መክፈል አይዘንጋ። ቁልፍ በሚሰጥበት ቀን የሁለቱንም ቆጣሪዎች ንባብ ጽፎ ለገዢውም ቅጂ መስጠት በኋላ የሚመጣን ጭቅጭቅ ያስቀራል።