በሁለተኛው የእርግዝና ወቅት ጽንስ ሲቋረጥ ከባድ የደም መፍሰስን መከላከል

በሕግ በተፈቀደ ሁኔታ፣ በሠለጠነ ባለሙያ በሚሰጥ ጽንስ የማቋረጥ ሕክምና ከባድ የደም መፍሰስ የሚያጋጥማቸው ሴቶች ጥቂት ናቸው። እርግዝናው 12 ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን አደጋው ይጨምራል። ማህፀኑ ሰፍቷል፣ የእንግዴ ልጁ ገዝፏል፣ ወደ ማህፀን የሚሄደው ደምም በዝቷል። ደም የሚቆመው የማህፀን ጡንቻ ተኮማትሮ የደም ሥሮቹን ሲዘጋ በመሆኑ፣ ማህፀኑ ካልተኮማተረ፣ የእንግዴ ልጅ ቅሪት ውስጥ ከቀረ ወይም የማህፀን በር ከተቀደደ ሴቲቱ በአጭር ጊዜ ብዙ ደም ልታጣ ትችላለች።

በዚህ ምክንያት ከ12 ሳምንት በላይ ለሆነ እርግዝና አገልግሎቱ የሚሰጠው በሆስፒታል ደረጃ ነው። ከቡሬ፣ ከወምበርማ ወይም ከሰከላ ገጠር የምትነሳ ሴት በቅድሚያ የምታገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ወይም ጤና ጣቢያውን ሲሆን፣ ቀጣዩ እርምጃ እንደ ፍኖተ ሰላም ወዳለ አጠቃላይ ሆስፒታል በሪፈር መሄድ ነው። በክረምት መንገዱ በጭቃ በሚያዝበት አካባቢ ይህ ጉዞ ቀላል አይደለም። በየሳምንቱ መዘግየት ግን ሕክምናውን ይበልጥ ያከብደዋል።

ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየው ፍርሃት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 እርግዝናው በአስገድዶ መድፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የተከሰተ ሲሆን፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም ሴቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ሲቀር ጽንስ ማቋረጥን ይፈቅዳል። ለተደፈረች ሴት ቃሏ በቂ ነው፤ የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ማስረጃ ስትጠብቅ ሳምንታት ማለፍ የለባቸውም።

የደም መፍሰስን መከላከል የሚጀምረው ከሕክምናው በፊት ነው። ባለሙያው የእርግዝናውን ዕድሜ ይለካል፣ የደም ማነስና የደም ዓይነት ያስመረምራል፣ የእንግዴ ልጁን አቀማመጥ በአልትራሳውንድ ያያል። ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና ወልዳ እንደሆነ፣ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት እንደሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስድ እንደሆነም ይጠይቃል። ጥያቄው ለወቀሳ ስላልሆነ ሊደበቅ አይገባም፤ በተለይ በማህፀን ላይ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ካለ የመድኃኒቱን አሰጣጥ ይለውጣል። ከመድኃኒት ቤት በድብቅ የተገዛ ክኒን በዚህ ዕድሜ ላይ አደገኛ የሚሆነውም ለዚሁ ነው።

ቀጥሎ የማህፀን በር በመድኃኒት ይለሰልሳል። ይህ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ስለሚወስድ አስታማሚ ለማደር ተዘጋጅቶ ቢመጣ ይሻላል። ጽንሱ ከወጣ በኋላ የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ መውጣቱ ይረጋገጣል። ደሙ ከበዛ ኦክሲቶሲን፣ ሚዞፕሮስቶል ወይም ትራኔክሳሚክ አሲድ ይሰጣል፤ ካስፈለገም ደም ይተካል።

ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ በሰዓት ሁለት ሞዴስ ወይም ያንኑ የሚያህል ጨርቅ የሚያርስ ደም ለሁለት ተከታታይ ሰዓታት ከፈሰሳት፣ ራሷን ካዞራት፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየች፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ በአቅራቢያዋ ወዳለ ጤና ተቋም መወሰድ አለባት።